በዘውገ ቴሴራ

ለቶማስ ጥቆማ መስጠት የጀመርኩት አምና ጥቅምት ላይ ነው። ቶማስ ማለት ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በኤፍ ኤም ሬዲዮ የድሮ ኳስ ተጫዋቾችን ታሪክ እየቆፈረ የሚያወጣው ጋዜጠኛ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ሳላስቀር አዳምጬዋለሁ። የቀበሌ በረኛ ይነሳል፣ የፋብሪካ ተከላካይ ይነሳል፣ ከመስመር ውጪ የወጣ ኳስ ያቀብል የነበረ ሰው እንኳ አንድ ቀን ተነስቷል። የእኔ ስም አልተነሳም።

እኔ ማሙሸት እባላለሁ። ጎጃም በረንዳ ባዶ ጆንያ እሸጣለሁ፣ የተቀደደውን ደግሞ እጠግናለሁ። በትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ያላለፍኩት ሰንፌ አይደለም፣ ያስቀረኝ ሰው አለ፣ እሱን ሌላ ጊዜ። ሰዉ ቂመኛ ይለኛል። ቂመኛ አይደለሁም። ነገር አልረሳም እንጂ።

ቶማስን በአካል ያገኘሁት ሲኒማ ራስ ታክሲ ሲጠብቅ ነው። በድምፁ ነው የለየሁት፤ በስልክ ከአንድ ሰው ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። እስኪጨርስ ጠብቄ ፊቱ ቆምኩ።

"ለፕሮግራምህ የሚሆን ታሪክ አለኝ" አልኩት።

"ስለ ማን ነው ጋሼ?"

"ስለ እኔ።"

ሳቀ። በክፋት አልሳቀም፣ ግን ሳቀ።

"አይቀየሙኝ። በሳምንት ሃያ ሰው ይደውልልኛል፤ አሥራ ዘጠኙ ስለራሱ ነው የሚያወራኝ። ተበድያለሁ ነው የሚለው ሁሉም። እኔ የምፈልገው ታሪክ ነው።"

"በደልና ታሪክን ምን ለያቸው?"

"ታሪክ ውስጥ ሌላ ሰው አለበት" አለኝ። ታክሲው መጣ። ወያላው እየጎተተው ስልክ ቁጥሩን በመስኮት ነገረኝ፤ ጆንያ ላይ ምልክት በማደርግበት ቀለም መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ሌላ ሰው ከፈለገ ሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አልኩ። ሲለምደኝ የራሴን አስገባለሁ።

መጀመሪያ አንድ ኩንታል ተሸክሞ ከጎጃም በረንዳ እስከ ሲኒማ ራስ ስለሚሮጥ ወዛደር ደወልኩለት።

"ሩጫ ነው ክብደት ማንሳት?" አለኝ።

"ሁለቱም ነው።"

"ተወዳዳሪ አለው?"

"ከኋላው ጥሩምባ የሚነፋበት መኪና አለ።"

"ይሄ ለሌላ ፕሮግራም ይሆናል ጋሼ" ብሎ ዘጋው።

ቀጥሎ በቦንዳ ስለመጣ ማልያ ነገርኩት። ልባሽ ጨርቅ ሻጩ ቦንዳውን ሲፈታው ሣሩና ጭቃው ያልለቀቀ ማልያ አግኝቷል፤ የአንድ ትልቅ የውጭ ተጫዋች ነው ይላል። "ማነው እንደዚያ የሚለው?" አለኝ ቶማስ። "ሻጩ" አልኩት። ይሄኛውንም ዘጋው። ሦስተኛው ላይ ግን ነቃ። ፊት ለፊቴ ገመድና ሲባጎ የምትሸጥ ዘሀራ የምትባል ሴት አለች፤ ሠላሳ ዓመት ተፋጥጠን ኖረናል። የስንቱ ሜዳ የጎል መረብ በእሷ ጣት እንደተቋጠረ ማንም አያውቅም። ይህን ስነግረው በማግስቱ መቅረጫውን ይዞ መጣ። እሷም ስታፍር ስትስቅ ሁሉን ነገረችው።

ቅዳሜ ሬዲዮኔን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ። "አንድ የመርካቶ ወዳጃችን በጠቆመን መሠረት" አለ ቶማስ። በቃ። የዘሀራ ስም እስከነአያቷ ተጠራ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከወዲያ ማዶ "እንደምን አደርክ፣ አንድ የመርካቶ ወዳጃችን" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ነው የምትጠራኝ። ወዛደሩም፣ ሻይ አቅራቢዋም ያዙላት።

ያን ሰኞ ነው ቴሴራውን ከቆርቆሮ ሳጥኑ ያወጣሁት።

ቴሴራ የኳስ ተጫዋች መታወቂያ ነው። ዳኛው ጨዋታ ሳይጀመር አንድ በአንድ እየጠራ ፊትህን ከፎቶው ጋር ያስተያያል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስቀመጥኩት ቴሴራ ላይ ስሙ ዘውገ ይላል። ፎቶው የእኔ ነው።

ቶማስን ጁስ ቤት ጠርቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳው ሲል በእጄ ከለልኩት።

"በዓይንህ እይ። ካነሳኸው ያለ ስሜ ታወጣዋለህ፤ የመርካቶ ወዳጅ ብለህ ታልፈኛለህ፣ አውቅሃለሁ።"

"እሺ፣ እሺ። ይንገሩኝ።"

ነገርኩት። በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የተራዎች ዋንጫ ይባል ነበር፣ ከመርካቶና ከአካባቢዋ ቡድኖች የሚገቡበት። የእኛ የበረንዳው ቡድን ጮራ ይባላል። አሰልጣኙ ሃብታሙ የሚባል እህል ነጋዴ ነበር። ሃብታሙ ለተጫዋቹ ሁሉ ጫማ ገዝቶ እኔ ጋ ሲደርስ "አንተ የራስህ አለህ" አለኝ። የራሴ የተባለው በጆንያ ክር የሰፋሁት፣ ጥርሱን እኔው ራሴ በሚስማር የመታሁት አሮጌ ጫማ ነው። የመሰለኝን ተናገርኩት። ከዝርዝሩ ሰረዘኝ፣ ቴሴራዬንም ፊቴ ላይ ቀደደው። ለፍጻሜው አራት ቀን ሲቀር አጥቂያችን ዘውገ ታይፎይድ ይዞት ተኛ። ያን ጊዜ ሃብታሙ የአባቴ ሱቅ ድረስ መጣና "በዘውገ ቴሴራ ትገባለህ" አለኝ።

"እምቢ አላሉም?" አለ ቶማስ።

"ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ፍጻሜ ነው። አንተ እምቢ ትል ነበር?"

"አይ።"

"የእኔን ፎቶ በእሱ ፎቶ ላይ በሙጫ ለጠፍነው። ማህተሙን በእንቁላል አሻገርነው።"

"በምን?"

"በተቀቀለ እንቁላል። ትኩሱን ልጠህ ማህተሙ ላይ ስታንከባልለው ቀለሙን ይይዛል። ከዚያ አዲሱ ፎቶ ጥግ ላይ ታንከባልለዋለህ። ተመልከተው እስቲ፣ ከፌዴሬሽኑ በምን ያንሳል? እንቁላሉን ሃብታሙ በላው።"

ቶማስ ጁሱን ትቶ ቴሴራውን ወደ ብርሃን አዞረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኝ።

"አንድ ለባዶ አሸነፍን" አልኩት። "በሰማንያ አራተኛው ደቂቃ። ያገባሁት እኔ ነኝ። ሰኞ አንድ ጋዜጣ በሦስት መስመር አወጣው፤ ዘውገ ባስቆጠራት ጎል ይላል። በዚያ ሳምንት ጨዋታውን ያላዩ፣ ጋዜጣውን ብቻ ያነበቡ ሰዎች ዘውገን ከአልጋው አንስተው በትከሻቸው ተሸክመው ሲኒማ ራስ ላይ ሲያዞሩት በዓይኔ አየሁት። አልወረደም። እኔ አይደለሁም አላለም። ሃብታሙ ጋ ሄጄ ስሜን ተናገርልኝ ስለው ዋንጫው ይነጠቃል፣ አፍህን ያዝ አለኝ። ያዝኩ። ኳስም ተውኩ። የዘውገን ስም በፊቴ የሚያነሳ ሰው ሱቄ እንዳይደርስ አልኩ። ከወር በኋላ ከሰፈር ጠፋ፤ ክፍለ ሀገር ትልቅ ክለብ ወስዶታል። በእኔ እግር ነው የበላው፣ ገባህ?"

"የቱ ክለብ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"በዚህ ስም የተጫወተ ሰው ሰምቼ አላውቅም።"

"ስም ቀይሮ ይሆናል። የሰው ነገር መልበስ ለምዷል።"

"የሰው ስም የለበሱትስ እርስዎ ነዎት" አለኝ ቶማስ። ደስ አላለኝም። "ጥሩ ታሪክ ነው ጋሼ። እውነት ከሆነ የዓመቱ ታሪክ ነው። ግን እሱንም ማነጋገር አለብኝ።"

"አነጋግረው። ይካድ እስቲ።"

አሥር ቀን ጠፋ። እኔ በአሥር ቀኑ ውስጥ በሬዲዮ የምናገረውን እየደጋገምኩ አጠናሁ። ጢሜን እንኳ ተላጨሁ፣ ሬዲዮ መሆኑን ረስቼ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ቶማስ ሳይደውል ሱቄ መጣ። የጆንያ እስር ላይ ተቀመጠ።

"ጋሼ ማሙሸት፣ ጎሉ የገባበት በረኛ ምን ሆነ?"

"የቱ በረኛ?"

"የነበልባል በረኛ። የተጋጣሚያችሁ።"

ኳሷን እንጂ እሱን አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ስጠየቅ መጣልኝ። ኳሷ ከቀኝ ተሻግራ ስትመጣ እሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወጣ፤ እኔ እግሬን አንስቼ ዘለልኩ። እግሬ የሆነ ነገር ነካ፣ ከዚያ ኳሷን ነካ፣ ገባች። ወደ ማዕዘኑ ሮጥኩ። ዞር ስል በረኛውን በጃኬት ተሸክመው ሲያወጡት አየሁ።

"ተጎዳ መሰለኝ። ኳስ ነው መቼስ" አልኩ።

"የቀኝ ዓይኑ ጠፋ። የጫማዎ ሚስማር ነው ያጠፋው።"

ጆንያ የምሰፋበትን መርፌ ይዤ ነበር። የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም፤ እስከ ማታ ፈልጌ አጣሁት።

"ሃብታሙ ጫማ ቢገዛልኝ ኖሮ..." አልኩ።

ቶማስ ቀጠለ። "ከበደ ይባላል በረኛው። ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ነበሩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጎሉን ያገባውን ሰው ፍለጋ ወጡ። ፊቱን አያውቁትም። ጋዜጣው ላይ ያለውን ስም ነው ይዘው የመጡት።"

ጎጃም በረንዳ በዚያ ሰዓት እንዴት እንደሚጮህ የሚያውቅ ያውቃል፤ እኔ ግን ከቶማስ ድምፅ በቀር ምንም አልሰማም ነበር።

"ዘውገ ከታይፎይዱ ገና መነሳቱ ነው። በብረት ጉልበቱን መቱት፣ አንዱን ብቻ፣ ደጋግመው። እናቱ ዘንድ ክፍለ ሀገር ወሰዱት፤ አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ነበር። ክለብ የሚባል ነገር የለም ጋሼ። ከዚያ ቀን በኋላ ኳስ አልነካም።"

"አሁን የት ነው?"

"ዱባይ ተራ። አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው ከተመለሰ። ከዚህ በእግር አሥር ደቂቃ ነው።"

ቶማስ ሄደ። ሲሄድ ቅዳሜ በቀጥታ ስርጭት አስገባዎታለሁ፣ ቴሴራውን ይያዙ አለኝ። አንድ ዓመት የለመንኩት ነገር ነው። አሁን እሱ ሲለምነኝ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እሺ ይሁን እምቢ እኔም አላወቅኩትም።

መንገዱን አቋርጬ ዘሀራ ጋ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ሱቋ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የገመድ ጥቅሏን ትታ ቀና አለች።

"የዘውገን ነገር ታውቂ ነበር?"

ስሙ ከአፌ ሲወጣ ደነገጠች። በሩን አየች፣ መልሳ እኔን አየች።

"ማን የማያውቅ አለ?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለአንተ? አንዴ ዘውገ ብዬ ብጀምር የሲባጎ ጥቅል ወርውረህ ብርጭቆዬን ሰብረሃል። ረሳኸው? አንተ እንኳ አትረሳም።"

"እኔ ክለብ የገባ ነው የመሰለኝ።"

ዘሀራ ሻሿን አስተካክላ በቀስታ ተናገረች፤ እንደዚያ ቀስ ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

"ማሙሸት፣ ሰዉ የሚለው ሌላ ነው። አውቀህ ነው የተደበቅከው ነው የሚለው። እነዚያ ሰዎች እንዳይደርሱብህ ብለህ ኳሱንም ስሙንም የተውከው። ስሙ ሲነሳ የምትቆጣው ለዚያ መስሎን ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።"

ተቀመጥኩ። ያንን ሁሉ ዓመት ሰዉ ሲያልፍ ሲያገድም አንገቱን ደፍቶ ሰላም ሲለኝ አዝኖልኝ ይመስለኝ ነበር። የተበደለ ሰው መሆኔን ያወቀልኝ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ ዱባይ ተራ ሄድኩ። ቶማስ የነገረኝ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ፣ ማልያ በተሰቀለበት ጠባብ ሱቅ፣ ቶማስ የዘውገ ልጅ ናት ያለኝ ወጣት ማልያ ጀርባ ላይ ቁጥር ትለጥፋለች። ከኋላዋ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አንድ ሽበታም ሰው በመቀስ ቁጥር ይቆርጣል።

"ማልያ ነው? ለስንት ሰው?" አለችኝ ልጅቷ።

"አባትሽን ፈልጌ ነው። ከጎጃም በረንዳ ነኝ። የድሮ የጮራ..."

ሳልጨርስ ፊቷ በራ። "ሲጫወት አይተውታል?"

ሰውየው መቀሱን አቆመ። አየኝ። ዘውገ ነው። አወቀኝ። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነች የጋዜጣ ቁራጭ አለች፤ ሦስት መስመር። ሳላነበው አወቅኩት።

"አይቻለሁ" አልኩ።

"ይቀመጡ። ሩታ እባላለሁ። ያችን ጎል ይንገሩኝ እባክዎ። እሱ አይናገርም። እንዴት ገባች ስለው 'ገባች በቃ' ነው የሚለኝ። ስንት ሰው ጠይቄ አጣሁ መሰለዎት፤ ያየ ሰው የለም።"

ዘውገ እያየኝ ነው። አልለመነኝም፣ አላስፈራራኝም። ይጠብቃል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ጎሏን አላያትም። አልጋ ላይ ነበር። ለሠላሳ አንድ ዓመት የእሱ የሆነችውን ጎል እንዴት እንደገባች አያውቅም።

"ሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ነው" አልኳት። "ሜዳው ያን ጊዜ ሣር የለውም፤ አቧራው ይነሳል። የእኛ ተመላላሽ በቀኝ በኩል ሁለት ሰው አለፈና አሻገራት። ከፍ ብላ ነው የመጣችው፣ ሁሉም አለቀላት ብሏል። አባትሽ ከአሥራ ስድስት ከሃምሳ መስመር ላይ ነበር። ሁለት እርምጃ ሮጠ። ዘለለ።"

እዚያ ላይ ቆምኩ። ሁለት የተዘረጉ እጆች ታዩኝ። ከእጆቹ ኋላ ፊት ነበር፤ ያ ፊት ምን እንደሚመስል ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

"እሺ ከዚያስ?" አለች ሩታ።

"ገባች በቃ" አልኳት።

ሳቀች። "ሁላችሁም አንድ ናችሁ" ብላ ሻይ ልታመጣ ወጣች።

ዘውገ መቀሱን አስቀመጠ። "ከቀኝ ነው እንዴ የተሻገረችው?" አለኝ። "እኔ በልቤ ሁልጊዜ ከግራ ነው የማሻግራት።"

"ከቀኝ ነው።"

"ጋዜጠኛው መጥቶ ነበር።"

"አውቃለሁ። ዘውገ፣ እኔ የሆነውን ነገር አላወቅኩም ነበር።"

"ብታውቅስ ምን ታደርግ ነበር?"

መልሴን አልጠበቀም።

"ስምህን ተናግሬብሃለሁ" አለ። "እንዳትሸወድ፣ ጻድቅ አይደለሁም። በመጀመሪያው ምት ነው የተናገርኩት። ማሙሸት ነው፣ ጎጃም በረንዳ ጆንያ የሚሸጠው ነው፣ እኔ ታምሜ ነበር ብያለሁ። አላመኑኝም። ጋዜጣው ኪሳቸው ነበር። በትከሻ ተሸክመው ሲያዞሩህ ሰው ሁሉ አይቶሃል አሉኝ።"

"ለምን አልወረድክም ያን ጊዜ?"

"ትኩሳት ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ለምን እንደሚሸከሙኝም አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ ደስ አለኝ። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።"

ከውጭ የሩታ ድምፅ ተሰማ፤ ከአንድ ሰው ጋር ትሳሳቃለች። ዘውገ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ቅዳሜ ምን እንደምትል አላውቅም። አፍህ ነው። ግን ጎሏን ተዋት። እግሬን ሰጥቼባታለሁ፤ የኔ ናት።"

ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። አንድ ነገር ነው በዚህ ዓለም ላይ የሠራሁት። ልጅ የለኝም፣ ሚስቴ ከሄደች አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሱቁም የአባቴ ነው። ያቺ ጎል ብቻ ነች የእኔ የምላት። የእኔ ናት ስል ደግሞ የከበደ ቀኝ ዓይን ይመጣል፣ የዘውገ ጉልበት ይመጣል። ለያይቼ ልይዛቸው ሞከርኩ። ከሲኒማ ራስ እስከ በረንዳ ድረስ ስሞክር መጣሁ።

ዓርብ ቶማስ ሦስት ጊዜ ደወለ። ስቱዲዮ ካልመጡ በስልክም ይሆናል፣ ቴሴራውን ግን ሰው ልኬ ላስወስድ አለኝ፤ ማስታወቂያውን ከጠዋት ጀምሮ እያስነገረው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የተደበቀ እውነት፣ የእውነተኛው ጎል አስቆጣሪ ስም ይላል። ሰው አትላክ አልኩት። ከሰዓት በኋላ ሰፌድ የምታህል ሳህን ውስጥ ውኃ ሞልቼ ቴሴራውን ነከርኩት። ሙጫው ለመልቀቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። የእኔን ፎቶ በጥፍሬ ጥግ ጥጉን ይዤ ላጥኩት። ከሥሩ ዘውገ ወጣ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ኮሌታውን ገልብጦ። ግንባሩ አካባቢ ከሙጫው ጋር ተላጠ እንጂ ሌላው ደህና ነው። የእኔን ፎቶ ውኃው ላይ ትቼው ስመለስ ቀለሙ ለቆ ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሱቄ ውስጥ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ዘሀራ ሬዲዮኗን ጮክ አድርጋ ከፍታዋለች። ስልኩ ጠራ፤ የቶማስን ድምፅ መጀመሪያ በጆሮዬ ሰማሁት፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ድምፅ ከመንገዱ ማዶ መጣ።

"ጋሼ ማሙሸት በመስመር ላይ አሉ። ጋሼ ማሙሸት፣ እንኳን ደህና መጡ።"

ስሜ ከማዶ ሲመጣ ሰማሁት። ሁለት ጊዜ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

"በዚያ ፍጻሜ ጎሏን ያስቆጠረው ማነው?"

"ዘውገ ነው" አልኩ።

ከማዶ የእኔው ድምፅ ዘውገ ነው ሲል ተከተለ።

"ጋሼ፣ እኔ ራሴ ያየሁት ቴሴራ አለ።"

"እጄ ላይ ነው። ስሙ ዘውገ ይላል። ፎቶውም የዘውገ ነው። መጥተህ እይ።"

"ማለት... እርስዎ ያን ቀን አልተጫወቱም ነው የሚሉን?"

"ተጫውቻለሁ። የነበልባልን በረኛ ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስሙ ከበደ ይባላል። ጫማዬ በሚስማር የተመታ ነበር፤ የመታሁትም እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም። ዘውገ በረኛውን አልነካውም። ወንድሞቹ የመቱት ያላጠፋውን ሰው ነው።"

"በአንድ ቴሴራ ሁለት ሰው እንዴት ይገባል ጋሼ?"

"ያኔ ብዙ ነገር ይገባ ነበር" አልኩት። "አንድ ነገር ልጨምር። ከበደ የሚሰማኝ ከሆነ፣ ወንድሞቹም የሚሰሙኝ ከሆነ፣ ማሙሸት ነኝ። ጎጃም በረንዳ ጆንያ የምሸጠው። ሱቄ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።"

ዘፈን ገባ። ስልኩ እጄ ላይ ቀርቶ ማዶ ያለው ሬዲዮ ውስጥ የራሴ ድምፅ ገና ሱቄ ክፍት ነው ሲል ሰማሁት። ዘሀራ እጇ አፏ ላይ ነው። ወዛደሩም ሸክሙን ሳያወርድ ቆሞ ያየኛል።

"ማሙሸት" አለችኝ ዘሀራ፣ መንገዱን ሳታቋርጥ። "እውነት ቢመጡስ?"

"ይምጡ እንጂ።"

"አንተ ጤነኛ ነህ?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነው።

በማግስቱ እሑድ ቴሴራውን በወረቀት ጠቅልዬ በአንድ ሰው እጅ ለሩታ ላክሁላት። እኔ አልሄድኩም። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄን ከፈትኩ። ዘወትር ወደ ግድግዳው ዞሬ ነበር የምሰፋው፤ ብርሃኑ ከኋላ ስለሚመጣ ነው። ያን ቀን መቀመጫዬን አዙሬ ፊቴን ወደ በሩ አደረግኩ። ብዙም ሳይቆይ ጥላ ወደቀብኝ። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ "ጆንያ አለ?" አለኝ። ቀና ስል መጀመሪያ ያየሁት ዓይኑን ነው።

ሁለቱም ዓይኖቹ ነበሩ። ስንት ልስጥህ አልኩት።